ልቡም ደህና፣ ሳንባውም ደህና

ሮብሌ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ይታሰራል። ይህን ከራሱና ከሚስቱ ከካልቱን በቀር በቤቱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ታላቅ እህቱ ሃዎ ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ከመጋላ ሰፈር ተነሥታ፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ በክንዷ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝታ ከተፍ ብላ ነበር። ካልቱን ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሃዎ ወንድሟን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ታለብሰዋለች። አርባ ስድስት ዓመት የሞላውን፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረውን ሰውዬ ፀጉሩን አበጠረችለት፤ ፊቱን ቅባት ቀባችው፤ የሸሚዙን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። የመጨረሻው ቁልፍ አንገቱ ላይ አልደርስ ሲላት በምላሷ «ጭ» ብላ ተወችው። «ደረትህን ንፋ» አለችው በሶማሊኛ። ነፋ። «እንደዚህ ሆነህ ግባ። ሐኪም ፊት እንደ ተሸነፈ ሰው አይቀረብም።» ካልቱን ጀሪካኑን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ አየች። እሷ ብትሆን በትናንቱ ካናቴራ፣ ሳይበጠር፣ ዓይኑ እንደ ደፈረሰ ይዛው ብትሄድ ትመርጥ ነበር። ይህን ግን ለሃዎ መናገር አይቻልም።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ስድስት ቀን አልፎታል። ሮብሌ በከተማው ዳር ባለ አንድ የዘይትና የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦይለር ጠብቋል። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዓይን ነው። በአንዲት ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ውሃው ከቀይዋ መሥመር እንዳይወርድ ማየት፣ ሲወርድ ቧንቧውን መክፈት፤ ይኸው ነው። የዚያን ዕለት ሌሊት ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ውሃው ወረደ፤ ቱቦዎቹ ነደዱ፤ ፋብሪካው አሥራ ሁለት ቀን ቆመ። የሞተ ሰው የለም። ግን ዘመኑ 1976 ነበረ፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ በየግድግዳው የምርት ዘመቻ ተጽፏል። አሥራ ሁለት ቀን የቆመ ፋብሪካ ተጠያቂ ሰው ይፈልጋል። የክሱ ወረቀት «በጫት ሱስ ተዳክሞ በሥራ ላይ በመተኛት በምርት ላይ አሻጥር ፈጽሟል» ይላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተወለት። ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር፤ እንቅልፍ የሚጥል «የልብ፣ የሳንባ ወይም ሌላ በሽታ» ከተገኘበት ወደ ቀላል ሥራ ይዛወራል፤ ካልተገኘበት ፋይሉ ወደ ልዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ባለፈው ዓመት ሞተር ያቃጠለ አንድ መካኒክ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል።

ለሃዎ የተነገራት ወንድሟ ወደ ሥራ ሊመለስ ስለሆነ ጤናው ይታያል ተብሎ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። አንድ ልጇ ከሦስት ዓመት በፊት ከገበያ መንገድ ላይ ታፍሶ ወደ ጦር ሄዶ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። «መታሰሬን ከሰማች አትነሣም» አለ ሮብሌ፤ «ጆሮዋ እንዳይገባ።» ካልቱን እሺ አለች። በዚያ ቤት ከባድ ነገር የሚነገረው በአማርኛ ነው። እሷ የአለማያ ኦሮሞ፣ እሱ ሶማሌ፤ የተጋቡትም፣ የሚጣሉትም፣ የሚታረቁትም በአማርኛ ነው። ሃዎ ደግሞ ከአማርኛ የያዘችው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነበር። ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጠው ክሱን ሲያወሩ እንኳ እሷ ጨርቋን ታጥፋለች፤ ስለ ስኳር ራሽን የሚነጋገሩ ይመስላታል።

ካልቱን ደግሞ ለባሏም ያልነገረችው የራሷ ሐሳብ ነበራት። ሃያ ዓመት ቡና ለቅማለች። ከመጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው የምትለየው እያየች አይደለም ማለት ይቻላል፤ ጣቷ ራሱ ያውቀዋል። በዚያው ዓይን ባሏን ሲተኛ አይታዋለች። ማንኮራፋቱን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ይሳሳቅበታል። እሷ የያዘችው ግን ሌላ ነው። ማንኮራፋቱ በድንገት ቀጥ ይላል። ሆዱ ይነሣል ይወድቃል፤ እጇን አፍንጫው ሥር ስታደርግ ግን የሚወጣም የሚገባም አየር የለም። ያኔ ሙስበሃዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ታነሣለች፤ እያንዳንዱን ዶቃ በ«ሱብሓነላህ» ትገፋለች። ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ላይ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ እንደ ወጣ ሰው ይጮህና ይተነፍሳል። ወዲያው ያንኑ ይደግማል። እንዲህ የሚያድር ሰው ቀን በገበታ ላይ ጉርሻ እንደ ያዘ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? ሐኪሙ ይህን በዓይኑ ማየት አለበት ብላ ቆረጠች። ለዚህም ሦስት ቀን ሙሉ ጫት ከለከለችው። ምክንያቱን አልነገረችውም። ሰው ፊት አፉን ከፍቶ እንዲያንቀላፋ እንደምትፈልግ ለአንድ የሶማሌ ወንድ በምን አፍ ይነገረዋል?

በአንድ ሰዓት ጋሪ ደጃቸው ላይ ቆመ። ከፋብሪካው የተላከው ዘብ ጉሌድ ከጋሪው ሳይወርድ ጮኸ፤ ሥራው ሮብሌን ይዞ መሄድ፣ ፖስታውን ተቀብሎ መመለስ ነው።

«አቦ ሮብሌ! ሙሽራ መስለሃል እኮ! ልትመረመር ነው ወይስ ሁለተኛ ልታገባ?»

«አንተን ሚዜ አድርጌ ማን ይሰጠኛል?» አለ ሮብሌ።

ጉሌድ ሳቀ፤ ጋሪ ነጂውም ሳቀ። ካልቱን አልሳቀችም። ባሏ ከሃያ ስድስት ቀን ወዲህ ቀልዶ አያውቅም። ሃዎ ምሳ ሠርታ ልትመጣ ቤት ቀረች። ሮብሌ በመንገድ ሙሉ ወሬውን አላቋረጠም፤ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሲሻገሩ ስለ አንድ ዓመት ጎርፍ አወራ፤ ከዚራ ሰፈር ገብተው ዛፎቹ ጥላ ሲያደርጉባቸው ስለ ፋብሪካው የድሮ ጣሊያን አለቃ አወራ። ፍርሃት ነው አለች በልቧ። ሰው ሲፈራ ይለፈልፋል።

ሆስፒታሉ ገና ካሁኑ ሞልቶ ነበር። ካርድ ለማውጣት አንድ ሰዓት ቆሙ። ከዚያ ወደ ራጅ ክፍል ተላኩ፤ በጠባቡ ኮሪደር ግራና ቀኝ በተደረደረው አግዳሚ ላይ ከየገጠሩ የመጡ የሚያስሉ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ የአክታውን ቆርቆሮ ይዟል። ካልቱን ባሏን ጥላ ያለበት ጥግ ፈልጋ ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው። ሌላ ቀን ቢሆን ግድግዳ ካገኘ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ዛሬ ግን ጉልበቱ ዝም አይልም፤ ጣቶቹ ጭኑን ይመቱታል። ውሃ ጠጣ። ሽንት ቤት ሄደ፤ መጣ። እንደገና ውሃ ጠጣ፤ እንደገና ሄደ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲሄድ ቆጠረችለት። ስሙ ተጠርቶ ገባ፤ ደረቱን ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ጋር አጣብቆ ትንፋሹን እንዲይዝ ነገሩት። ፊልሙ ከማጠቢያው ወጥቶ በሽቦ ላይ በቆንጥጫ ተንጠልጥሎ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል፣ የባሏን የጎድን አጥንቶች ከሌሎች አምስት ሰዎች የጎድን አጥንቶች ጋር ተሰቅለው አየቻቸው። የትኛው የሮብሌ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ሁሉም አንድ ናቸው።

ከራጁ ቀጥሎ የልብ ማሽን ነበር። ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው የጎማ ፊሽካ የመሰሉ ነገሮች አጣበቁበት፤ ከሣጥኑ አፍ ቀጭን ወረቀት እየተሳበ ወጣ። ባለሙያው ወረቀቱን አየና «ትንሽ ይፈጥናል። ፈርተሃል መሰለኝ» አለው። ሮብሌ «መርፌ ያለው መስሎኝ ነው» ብሎ አሳቀው።

ሐኪሙ ጋ የገቡት በአምስት ሰዓት ነው። ወጣት ነው፤ ከመሐል አገር ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየ፤ የልቡን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሮብሌን ደረትና ጀርባ አዳመጠ፤ አንገቱን በሜትር ለካ፤ ቁጥሩን ጻፈ። አፉን ግን አላስከፈተውም።

«ሳንባው ንጹሕ ነው» አለ። «ልቡም ፍጥነቱ ካልሆነ ምንም አይልም።» ይህን የሚናገረው እንደ ምሥራች ነበር።

ካልቱን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። «ዶክተር፣ በሽታው ቀን አይታይም። ትንፋሹ ነው የሚቆመው። ሲተኛ።»

«ይቆማል ሲሉ፣ ይቀንሳል ማለትዎ ነው?»

«አይቀንስም። ይቆማል። ሆዱ ይሠራል፤ አየሩ ግን የለም። እጄን አፍንጫው ሥር አድርጌ አይቻለሁ። ከቆመበት እስከሚመለስበት በሙስበሃ እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ሃያ አምስት ነው። አንድ ቀን አርባ አንድ ደርሶብኛል፤ ያን ቀን መትቼ ነው የመለስኩት።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ሙስበሃውን አውጥታ እንደዚያው፣ በዚያው ፍጥነት እንድትቆጥር ጠየቃትና ሰዓቱን ተመለከተ። ካልቱን ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች። ሃያ አምስት ስትል ቀና አለ። «ግማሽ ደቂቃ» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ ግማሽ ደቂቃ።» ከዚያም ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ስለዚህ ነገር ትምህርት ቤት ሳለ አንድ መጽሔት ላይ ማንበቡን፣ ውጭ አገር ሰው በሽቦ ታስሮ ሲተኛ የሚለኩበት ክፍል እንዳለ፣ አዲስ አበባ እንኳ ግን መኖሩን እንደማያውቅ ነገራት። «ልብን እለካለሁ፤ ሳንባን ፎቶ አነሣለሁ። እንቅልፍን በምን ልያዘው? እርስዎ ነገሩኝ ብዬ ብጽፍ ሚስት ናት ይላሉ።» ደብዳቤውን መልሶ አየ። «ግን 'ወይም ሌላ በሽታ' ይላል። እኔ በዓይኔ ካየሁ፣ አየሁ ብዬ እጽፋለሁ፤ ማኅተምም አደርግበታለሁ። ተኝቶ ላየው እፈልጋለሁ። በስድስት ሰዓት አልጋ ይሰጠው፤ ሲስተር ኑርቶ አጠገቡ ትሁን፤ ትንፋሹ ሲቆም ትጥራኝ። ሁለት ሰዓት ይበቃናል።»

ካልቱን ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ያልተነፈሰችውን ተነፈሰች። ዘወር ብላ ባሏን አየችው። ሮብሌ ግን አልተደሰተም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩን ከፈተና መልሶ ገጠመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ሐኪሙ ወደ ካርዱ አጎንብሶ። «ጫት ይቅማል?»

«አይቅምም» አለች ካልቱን ፈጥና። የክሱን ወረቀት በልቧ ታውቀዋለች። ሐኪሙ ጻፈ። ሮብሌ ግድግዳውን ተመለከተ።

አልጋው ቁጥር አሥራ አንድ፣ በወንዶች ክፍል መጨረሻ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። ማራገቢያው ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል እንጂ አይዞርም። ካልቱን አንሶላውን አነጠፈች፤ ጫማውን አወለቀችለት፤ መጋረጃ የሌለውን መስኮት በነጠላዋ ጋረደችው። ሲስተር ኑርቶ የሐረር ሰው ናት፤ ፀጉሯን እንደ አገሯ ወግ ከነጩ ቆብ ሥር ከኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልላዋለች። ወንበር አምጥታ ተቀመጠች፤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሮብሌ በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፈነ፤ ተኝቷል እንዲባል እንደሚያስመስል ሕፃን። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል። የእግሩ አውራ ጣት በአንሶላው ሥር ይደንሳል። አልጋ አሥር ላይ ያሉት አስም የያዛቸው ሽማግሌ ሁለት ትራስ ተደግፈው ጉዳዩን ሁሉ ሰምተዋል።

«ያ ጀማዓ፣ ለመተኛትም ፈተና አለው እንዴ?» አሉ። «እኔን ያስፈትኑኝ አቦ። ወላሂ አንደኛ ነው የምወጣው።»

ክፍሉ ሳቀ። ኑርቶ እንኳ ፈገግ አለች። ሮብሌ ዓይኑን ገለጠና ኮርኒሱን አየ። ካልቱን ጎንበስ ብላ ላቡን ልትጠርግለት ስትል አፉን ከፍቶ በሹክሹክታ «አልችልም» አላት፤ ያኔ ጥርሱ ሥር፣ ድዱ ጠርዝ ላይ፣ ታጥቦ ያልለቀቀውን አረንጓዴ አየች።

እጇ ባለበት ቀረ።

«ጫቱን አባዮ፣ እህቴ ናት የሰጠችኝ» አለ። «አንቺ ቦኖ ሄደሽ ሳለ። ሰው ፊት እንቅልፍ እንዳይጥልህ ብላ ኪሴ ከተተችልኝ። ማሽን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ማሽን ምን ያውቃል ብዬ... እዚያው ጀመርኩ፤ ሽንት ቤት እየገባሁ እስከ ራጁ ድረስ ቃምኩ። እንድተኛ እንደምትፈልጊ ማን ነገረኝ?»

ማንም አልነገረውም። የካልቱን ነጠላ ከመስኮቱ ላይ ወደቀ፤ አንሥታ መልሳ ሰቀለችው።

የጠያቂ ሰዓት ነበርና ሃዎ ሩዝና የፍየል ሥጋ በሣህን ቋጥራ፣ ሻሂ በፔርሙዝ ይዛ ስትመጣ ካልቱን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። አልጋ ለምን እንደ ተሰጠው እንኳ አልጠየቀችም፤ ለእሷ ሐኪም ሲያከብርህ ነው አልጋ የሚሰጥህ።

«አባዮ፣ ለሮብሌ ጫት ሰጠሽው?» አለቻት ካልቱን፤ ሃዎ በምትሰማው ቀላል አማርኛ።

«ሁለት እፍኝ! ለጋ፣ ያወዳይ!» አለች ሃዎ በኩራት። ቀጥሎ ሶማሊኛ ከአማርኛ እየደባለቀች ተረከችላት። ሮብሌ ፋብሪካው ሲቀጠር፣ ያኔም ሐኪም አይቶት ነበር። ያኔም ከሌሊቱ ተነሥታ ጥሬ እንቁላልና ማር አጠጣችው፤ ከስምንት ሰው መካከል እሱን መረጡት። ሐኪም ማለት ጎበዝ የሚመርጥ ሰው ነው። «አንቺ ሦስት ቀን ጫት ከለከልሽ። ዓይኑ የታረደ ፍየል ሆነ። እንደዚያ ሆኖ ቢያዩት 'ሂድ፣ አርጅተሃል' ይሉታል። ሥራ ያጣል። እኔ አበረታሁት። አሁን ጎበዝ ነው አይደል? አይተኛም አይደል?»

ሣህኑ ከጨርቁ ውስጥ ይተናል። ሃዎ ሲያቃጥላት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ካልቱን አሁን ብትናገር፣ ሁሉንም ብትዘረግፍ፣ ቃሉን ብታገኝለት ሦስት ቃል ይበቃት ነበር። ግን ሦስቱ ቃላት ምን ያመጣሉ? የገባው ጫት አይወጣም። የሚመጣው ይህች ሴት እዚህ ሲሚንቶ ላይ መውደቋ ብቻ ነው። ደግሞም ሁሉንም ደብቀው፣ ቋንቋ ቀይረው ያስቀመጧት እሷና ሮብሌ ናቸው።

«ደግ አደረግሽ» አለቻት። ሣህኑን ተቀበለቻት፤ በእርግጥም ያቃጥላል።

ለስምንት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሲስተር ኑርቶ ከወንበሩ ተነሥታ በዓይኗ ጠራቻት። መድኃኒት ክፍሉ በር ሥር ቆሙ። «ዓይኑን አይቼዋለሁ» አለች ኑርቶ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ዶክተሩ አያውቀውም፤ እኔ ግን ገና ሲገባ ነው ያወቅሁት። ስንቱን ቃመ?»

«ሁለት እፍኝ።»

«እንግዲያ እስከ ማታም አይተኛም።»

«ሌላ ቀን ይሁንልኝ ብዬ ዶክተሩን ልለምነው።»

«ለምኚው። ለምን ካለሽ ግን ምን ትይዋለሽ?» ኑርቶ የደብተሯን ጠርዝ በጣቷ ደባበሰች። «የመጣችሁበትን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ጫት ነው የሚል ክስ ላይ ጫት ቅሟል ብሎ ሐኪም ከጻፈ፣ ክሱን እኛው ፈረምንበት ማለት ነው። እኔ 'አልተኛም' ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ የተሻለ ነገር የለኝም፣ እህቴ። ወላሂ የለኝም።»

ያም ሆኖ ካልቱን ወደ ሐኪሙ ገባች። ሐኪሙ አሥራ ስድስተኛውን በሽተኛ እያየ ነበር፤ ቢሆንም ተነሥቶ አነጋገራት። አንድ ቀን ብቻ፣ ነገ ብቻ ይሁንልኝ አለችው። እሱ ደግሞ ፈቃደኛ ነበር፤ ይኸ ነው የከፋው። ለፋብሪካው ቀነ ቀጠሮ እንዲለውጡ ደብዳቤ ሊጽፍላት ወረቀት ሁሉ አወጣ። «ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ? ዛሬ ያልተኛበት ምክንያት አለ? ታሞ ነበር? መድኃኒት ወስዷል?»

ካልቱን የሙስበሃዋን ዶቃ በጣቷ ገፋች።

«ያለ ምክንያት ከጻፍኩ ጊዜ እየገዛላቸው ነው ይላሉ። የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ እኔ ለእርስዎ ነው የማስበው።» ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ከውጭ አንድ ሰው እያሳለ ያልፋል። ካልቱን የብዕሩን ጫፍ፣ ከጫፉ ሥር ወረቀቱ ላይ እየሰፋች የምትሄደውን ሰማያዊ ነጥብ አየች። ቢያውቅ የሚጽፈው እውነት ነው፤ እውነቱ ደግሞ የክሱ እውነት ይሆናል። ባያውቅም የሚጽፈው እውነት ነው።

«የለም» አለች በመጨረሻ። «የማውቀው የለኝም።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ሌላ ወረቀት ሳበ። ጽሑፉ አራት መሥመር ነበር፤ ሲጽፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፤ ከሰው ነገር መደበቅ የማይወድ ሐኪም ነው። ልብ፣ ደህና። ሳንባ፣ ደህና። ለሁለት ሰዓት በአልጋ ላይ ክትትል ተደርጎለታል፣ አልተኛም። በሥራ ላይ እንቅልፍ የሚጥል በሽታ አልተገኘም። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ነፋበትና መታው። «አንድ ቀን መሣሪያው ሲመጣ ይመለሱ» አላት። ይህንንም ከልቡ ነበር ያለው።

ጉሌድ ከሆስፒታሉ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር አንቀላፍቶ ነበር፤ ሲቀሰቅሱት ደንግጦ ኮፍያውን አነሣ። ፖስታውን ኮቱ ውስጥ ከተተ። ሃዎ መሐላቸው ገብታ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች። ሮብሌ ካልቱንን አያት። ካልቱን ጋሪውን አየች።

«ልቡም ደህና፣ ሳንባውም ደህና» አለች።

ሃዎ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ አነሣች። «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ደግማ ደጋግማ አለችው፤ አልጋ አሥር ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ በመስኮት «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መለሱላት። የጉሌድን ትከሻ ይዛ «ንገራቸው፤ ጤነኛ ነው በላቸው!» አለችው። ጉሌድ ጠዋት የነበረው ቀልድ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። የወንድሟን ጉዳይ ያውቃል፤ ፖስታው ውስጥ ያለውንም አሁን አወቀ። «እነግራቸዋለሁ እናቴ» አላት፤ መሬት መሬቱን እያየ።

ሃዎ እኔም ካልሄድኩ አለች። ወንድሟ ሥራው ሲመለስ ማየት ትፈልጋለች። ማንም አትሂጂ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። አራቱም በአንድ ጋሪ ተሳፍረው ሲሄዱ የሚያወራው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሮብሌ ከዚህ ቀደም ያላስተዋለው ይመስል የመንገዱን ቤቶች በየተራ በትልልቅ ዓይኖቹ ያያቸዋል። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሴቶች መግባት አይፈቀድም። ሮብሌ ከጋሪው ወርዶ የነጭ ሸሚዙን ጫፍ ሱሪው ውስጥ አስገባ፤ ለእህቱ በሶማሊኛ ቶሎ እመጣለሁ አላት። ከዚያም ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፦

«ዛሬ አንድም ጊዜ አላንቀላፋሁም። አየሽ?»

ቀልድ ይሁን ሌላ ነገር እስክትለየው ድረስ ከጉሌድ ጋር ገብቶ የብረቱ በር ተዘጋ።

ከበሩ አጠገብ መንገዱ ላይ አንድ ያረጀ የባቡር ሐዲድ እንጨት ለሠራተኞች መቀመጫ ተብሎ ተጋድሟል። ሁለቱ ሴቶች እሱ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ግድግዳውን ነክሶታል፤ ከውስጥ የሳሙና ሽታ ይመጣል፤ ቦይለሩ ተጠግኖ እየሠራ ነበርና እንፋሎቱ ከቀጭኑ ቱቦ እየፏጨ ይወጣል። ሃዎ ያልተበላውን ሩዝ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝንብ ትከላከላለች።

«ዛሬ ሥራ ይገባል ወይስ ነገ?» አለች።

«እንጃ» አለች ካልቱን።

«ነገ ይሻላል። ዛሬ አልበላም።»

ካልቱን ወደ እሷ ዞረች። አሁን መናገር አለባት፤ ከፋብሪካው ሰዎች ከምትሰማው ከእሷ ብትሰማው ይሻላል። በየትኛው ቋንቋ እንደምትጀምር አሰበች። በአማርኛ ብትላት ሃዎ «እስር» የሚለውን ቃል አታውቀውም፤ በሶማሊኛ ደግሞ ካልቱን ራሷ አታውቀውም። አሥራ ስድስት ዓመት በሶማሌ ቤት ኖራ ሰላምታውን፣ ምግቡን፣ ምርቃቱን ተምራለች፤ ይህኛው ቃል አስፈልጓት አያውቅም ነበር። እጇን የሃዎ ጉልበት ላይ አደረገች። ሃዎ የደስታ መስሏት እጇን መልሳ ጨበጠቻት።

የዘጠኝ ሰዓት ፊሽካ ተነፋ። ጥቂት ቆይቶ ከዋናው መንገድ አንድ ላንድሮቨር ታጥፎ መጣ፤ ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። እንጨቱ ጫፉ ወደ መግቢያው ወጣ ብሎ ስለ ነበር መኪናው ቆመና ክላክስ አደረገ።

«የፋብሪካው መኪና ነው?» አለች ሃዎ።

«አዎ» አለች ካልቱን።

«እንዲያልፍ መንገድ እንልቀቅለት እንጂ!» ሃዎ ሣህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ የእንጨቱን ጫፍ ያዘች። ለአንድ ሰው ግን አይነቃነቅም። ቀና ብላ ካልቱንን አየቻት። ካልቱን ሌላውን ጫፍ ያዘችላት።